«ግሮጊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሰከረ ነው ወይስ እንቅልፍ የተጫጫነው?

አስጎብኚ ዘፋሲል ግቢ

ሰላም ለዚህ ቤት። ለጀማሪ አስጎብኚዎች የሚሆን የቃላት ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው፤ «ግሮጊ» ላይ ስደርስ ነገሩ ተምታታብኝ። አንድ የቆየ መዝገበ ቃላት «የሰከረ» ብሎ ያልፈዋል። አዳዲሶቹ «የፈዘዘ፣ የደከመው፣ የሚንገዳገድ» ይላሉ እንጂ ስካርን እምብዛም አያነሡም። እንግዶች ቃሉን ጠዋት ከሆቴል ሲወጡ ይሉታል፤ ስሜን ተራሮች አድረው ሲነሡም እንደዚሁ። ከአሜሪካኖች አፍ ሲወጣ ደግሞ «ግራጊ» ይመስላል፤ ያው ቃል ይሁን ሌላ እርግጠኛ አይደለሁም። ከየት መጣ? ዛሬ «ሰክሬያለሁ» ለማለት ይውላል ወይ? በአማርኛስ ምን ብንለው ይሻላል? ምንጩን የምታውቁ ዓመቱን ጭምር ንገሩኝ፤ «የመርከበኞች ቃል ነው» ብቻ ከሆነ አይበቃኝም።

ሥርወ ቃል

ወንድም ዓለም፣ የመርከበኞቹ ነገር እውነት ነው፤ ያውም ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብባቸው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለእያንዳንዱ መርከበኛ በየቀኑ መጠጥ ይሰፍር ነበር። የተለመደው ቢራ ነው፤ ቢራ ግን በረጅም ጉዞ ይበላሻል፣ ቦታም ይፈጃል። በ1655 እንግሊዞች ጃማይካን ሲይዙ ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ሩም እንደ ልብ ተገኘ፤ በዚያ ባሕር የሚንቀሳቀሱ መርከቦችም በቢራው ፋንታ ሩም ማደል ጀመሩ። የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ግማሽ ፓይንት ነበር፣ ወደ ሩብ ሊትር የሚጠጋ፣ ውሃ ያልነካው። ይህን በአንድ ትንፋሽ የገለበጠ ሰው ገመድ ላይ ወጥቶ ሸራ ጠቅልል ይባላል። ድርሻውን ሳይጠጣ አጠራቅሞ አንድ ቀን የሚጨልጠው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው።

አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን በ1739 ፖርቶቤሎ የተባለውን የስፔን ወደብ በስድስት መርከብ የያዘ ሰው ነው። ኦገስት 21 ቀን 1740 ጃማይካ ላይ ለመርከቦቹ አለቆች ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ ዝርዝሩ ግልጽ ነው፦ የእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ፓይንት ሩም በአንድ ኳርት (ሁለት ፓይንት) ውሃ ይበረዝ፤ አንድ እጅ ሩም በአራት እጅ ውሃ ማለት ነው። መቀላቀያው ለዚሁ ብቻ የተመደበ በርሜል ይሁን። ሥራው በመርከቡ ወለል ላይ፣ በተረኛው መኮንን ፊት ይሠራ፤ ማንም ከድርሻው እንዳይጎድልበት። እደላው በቀን ሁለት ጊዜ ይሁን፣ በእኛ ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ 6 እና ከቀትር በኋላ ከ10 እስከ 12። በጨው ከደረቀ ሥጋና ከዳቦ ቀለቡ የሚቆጥብ ሰው በቆጠበው ስኳርና ሎሚ ገዝቶ መጠጡን ቢያጣፍጥ ይፈቀድለታል ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ። «ቨርነን ሎሚ የጨመረው ስከርቪ የሚባለውን በሽታ ለመከላከል ነው» የሚል ጽሑፍ በየቦታው ታገኛለህ። ትእዛዙ ስለ ስካር ነው፤ ሎሚው ለጣዕም፣ ያውም በመርከበኛው ወጪ። ባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂን ለበሽታው ብሎ በመደበኛነት ማደል የጀመረው በ1795 ነው።

ስሙ የመጣው ከሰውየው ልብስ ነው። ቨርነን «ግሮግራም» ከሚባል ሻካራ ጨርቅ የተሰፋ ካባ ያዘወትር ነበር፤ ሐር ሞሄር ከሚባል የፍየል ጠጉር ወይም ከሱፍ ጋር ተደርጎ ይሸመናል፣ ብዙ ጊዜም በሙጫ ይጠነክራል። በዚህ የተነሣ መርከበኞቹ «ኦልድ ግሮግ» ይሉት ጀመር፣ ሽማግሌው ግሮግ እንደማለት ነው። የበረዘላቸው መጠጥም በእሱ ስም ግሮግ ተባለ። ግሮግ የጠጣና የተንገዳገደ ሰው ደግሞ «ግሮጊ» ሆነ።

ማስረጃውን ከፈለግህ ሁለት የታተሙ ዝርዝሮችን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በጃንዋሪ 1737 ፊላደልፊያ ውስጥ በሚያሳትመው ጋዜጣ ላይ ከ200 በላይ የስካር አባባሎችን አውጥቷል፤ ግሮጊ በውስጡ የለም። በ1770 አንድ የለንደን መጽሔት ሰማንያ የሚሆኑ የስካር ስሞችን ሲያትም ግሮጊ አለ፤ አባባሉ የካሪቢያን ነው፣ እዚያ ስኳር የሌለው ሩምና ውሃ ግሮግ ይባላል የሚል ማብራሪያም ታክሎበታል። ትእዛዙ የወጣበት 1740 በሁለቱ መካከል ይወድቃል። «ግሮግ የሚለው ቃል በ1718 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ስላለ የቨርነን ታሪክ ተረት ነው» የሚሉም አሉ፤ ያ ግን የተሳሳተ ጥቅስ ነው፤ በመጽሐፉ ላይ ያለው ቃል «ጂንጀር» ነው፣ ዝንጅብል።

ትርጉሙ ከመጠጥ የተላቀቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በ1828 አካባቢ የፊት እግሩን ታሞ የሚያነክስ ፈረስ ግሮጊ ይባል ነበር፤ በ1832 አካባቢ ደግሞ ቡጢ አናቱን መትቶት ጉልበቱ የከዳው ቦክሰኛ። ሁለቱም አልጠጡም፤ የሚያመሳስላቸው አረማመዳቸው ነው። እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው ላይ የደረሰው በዚያው መንገድ ነው። «ግራጊ» ያልከውም ሌላ ቃል አይደለም፤ አሜሪካኖች ያንን አጭር «ኦ» አፋቸውን ከፍተው ወደ «አ» ያቀርቡታል።

የኮረፌ ቤት

ደህና አድርገህ አስረዳህ ጌታው፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንዱን በአራት ከበረዘላቸው እኮ መጠጡ ቀጥኗል። በቀጠነ መጠጥ እንዴት ሰው ተንገዳግዶ ስም ይወጣለታል? ኮረፌም ሊጠጣ ሲል ድፍድፉ በውሃ ይቀጥናል፤ ማንም ግን ውሃ ስለገባበት ለዘብ አለ አይልም።

ኬሚስት ዘአራዳ

የኮረፌው ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ኮረፌ የሚሠራው ከተቆላና ከተፈጨ ገብስ፣ ከጌሾና ከውሃ ነው፤ ድፍድፉ በጋን ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሊጠጣ ሲፈለግ ከላዩ ጥቂት ተወስዶ ውሃ ይጨመርበትና ያድራል። በዚያች ሌሊት እርሾው ሕያው ስለሆነ እንደገና ይብላላል፤ ስለዚህ ውሃው ገብቶ አዲስ አልኮል ይወጣል። ሩም ግን የተጣራ መጠጥ ነው፣ እንደ ካቲካላ። በውስጡ የሚሠራ እርሾ የለም። ውሃ ጨመርክበት ማለት ቀጠነ ማለት ነው፣ ሌላ የሚሆነው ነገር የለም።

ቀጠነ እንጂ አልቀነሰም፤ ጥያቄህ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። በኋላ ዘመን የባሕር ኃይሉ ሩም 54.5 በመቶ አካባቢ አልኮል ነበረው፤ በዚያ ልክ አስበው። በሩብ ሊትር ውስጥ ወደ 136 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ነው ያለው። ስለዚህ የቀን ድርሻው ስምንት ጠርሙስ ቢራ ነው። አራት እጅ ውሃ ሲገባበት 11 በመቶ ይሆናል፣ የተለመደ ወይን ያህል፤ መጠኑ ግን ወደ አንድ ሊትር ከሩብ ከፍ ይላል። ስምንቱ ጠርሙስ እዚያው አለ። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው፦ አንድ ሊትር ከሩብ በአንድ ትንፋሽ አይገለበጥም፣ ለሁለት ጊዜም ተከፍሏል፣ በመካከሉ ጉበት ጥቂቱን ያወጣል። ያም ሆኖ በየቀኑ ስምንት ጠርሙስ የሚጠጣ ሰው ይንገዳገዳል።

የቨርነን ሐሳብ ግን ሌላም ጥቅም ነበረው፤ እኔ እንደማየው ትልቁ እሱ ነው። 54.5 በመቶ የሆነ ሩም ተሸሽጎ ዓመት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። 11 በመቶ የሆነው ግን እንደዚያ አይቆይም፣ ቶሎ ይበላሻል። አጠራቅሞ አንድ ቀን መዘፍዘፍ በዚህ ቀረ ማለት ይቻላል።

ድርሻው ቀስ በቀስ ተቀነሰ። በ1824 ወደ ሩብ ፓይንት፣ በ1850 ደግሞ ወደ ስምንተኛ ፓይንት ወረደ፤ ይህ 71 ሚሊ ሊትር ነው፣ በእኛ ቤት ቋንቋ አንድ ሞልቶ የተቀዳ መለኪያ። በመጨረሻው ዘመን ለተራው መርከበኛ አንድ እጅ ሩም በሁለት እጅ ውሃ ነበር፤ ከፍ ላሉት የበታች ሹሞች ሳይበረዝ። ጁላይ 31 ቀን 1970 ፈጽሞ ቀረ። ከ1740 ትእዛዝ 230 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጠርሙስ ላይ የአልኮሉን መጠን የሚያሳይ «ፕሩፍ» የሚል ቁጥር ስታዩም ተጠንቀቁ። በአሜሪካ 100 ፕሩፍ 50 በመቶ ነው፤ በቀድሞው የእንግሊዝ ልክ ግን 57.1 በመቶ። በመቶኛ የተጻፈውን ብቻ እመኑ።

ነርስ ዘአዘዞ

ስለ ታሪኩ የጻፋችሁትን በደስታ አነበብኩ። አስጎብኚው ወንድሜ ግን ማስታወሻው ላይ «ሰከረ» ብለህ እንዳትጽፍ እለምንሃለሁ፤ ትርጉሙ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት አለበት።

ዛሬ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ግሮጊ ነኝ» ሲል ንቃቴ ሙሉ አይደለም ማለቱ ነው። ቃሉ ሕመሙን አይነግርህም፤ ምክንያቱን አንተ ነህ የምትፈልገው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም። ከእንቅልፍ ድንገት የተነሣ ሰው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ፍዝዝ ይላል፤ ፊቱን ታጥቦ ቡና ሲጠጣ ይለቀዋል። በአውሮፕላን ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ፣ ወይም ማታ የአለርጂ ኪኒን የዋጠ ሰውም ጠዋት እንዲሁ ይሆናል። ማደንዘዣ የተወጋ ታካሚ ሲነቃ ግሮጊ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ እስከ 24 ሰዓት መኪና አይንዳ፣ አልኮል አይቅመስ።

ስሜን ላይ ሲሆን ግን ጆሮህን አቁም። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። በተራራው ላይ ያሉት ማደሪያ ሰፈሮች ግን፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ ከ3,600 በላይ ነው። በአንድ ቀን መኪና ከጎንደር ተነሥቶ እዚያ ያደረ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ቢሰማው የከፍታ ሕመም ነው፤ ያርፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ እስኪሻለው ከፍ አይበል። «ግሮጊ ነኝ» ያለው ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ያለበትን ቦታ ከረሳ፣ ወይም እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ግን አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምርና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያነካካ እንዲራመድ አድርገው። አንተ ራስህ ጎኑ ሆነህ ተራመድ፤ አንተ የሄድክበትን እሱ ካልቻለ ሌሊትም ቢሆን አውርደው። ጠዋት እናያለን አይባልም። ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ዝቅ ይበል፤ መኪና ካለ ወደ ደባርቅ። ብቻውን አይተኛ፣ ብቻውንም አይውረድ። ማታ አረቄ ቀምሶ ከነበረ ደግሞ «ስካር ነው» ብሎ መተው ይመጣል፤ የሚገድለውም ይኸው ነው። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን በከፍታ ላይ መተንፈስን ያዳክማሉ፣ ነገሩን ያባብሱታል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ወድቆ ራሱን የመታ ሰው ግሮጊ ከሆነና እንቅልፉ እየከበደ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ አፉ አልኮል ቢሸትም ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ በድንገት ላብ አጥምቆት፣ እየተንቀጠቀጠ ግሮጊ ከሆነ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ አጠጣው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገም። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጥ።

አስጎብኚ ዘፋሲል ግቢ

እህት ዓለም፣ እግዜር ያክብርሽ፤ የመስመሩን መፈተኛ ቃል በቃል ማስታወሻው ላይ አስገባዋለሁ። አሁን የቀረኝ አማርኛው ነው። «የደከመው» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ግን ተራራ ወጥቶ የደከመውም ደክሞታል፣ ግሮጊ አይደለም። በእንግሊዝኛ ለስካር የሚሉትስ ዛሬ ምንድን ነው? «ቲፕሲ» ከግሮጊ ጋር ይቀራረባል?

የትርጉም ጠረጴዛ

«የደከመው» አይሆንም፣ ልክ ነህ። የደከመው ሰው አእምሮው ንቁ ሊሆን ይችላል፤ ግሮጊ የሆነው ግን አእምሮው ነው የከበደው። አንድ ቋሚ ቃል ከመፈለግ እንደ ሁኔታው ተርጉመው፤ አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ጠዋት ከሆቴል የወጣው እንግዳ «ገና እንቅልፉ አልለቀቀኝም» ነው የሚልህ፤ «ተጫጭኖኛል» ብትለውም ይሄዳል። ከቀዶ ጥገና ክፍል የወጣችው ታካሚ «ማደንዘዣው አልለቀቃትም፣ ድንዝዝ ብላለች»። በሌሊት ስልክ ተደውሎለት የተነሣው «ድንብርብሩ ወጥቷል»። ቦክሰኛው «ቡጢው አናውዞታል»፤ ዳኛው ሊቆጥርበት የሚገባው ዓይነት። አራቱንም እንግሊዝኛው በአንዲት ግሮጊ ይጨርሳቸዋል።

የቆየ ጽሑፍ የምትተረጉም ከሆነ ዓመቱን ተመልከት። ከ1830 በፊት ስለ መርከበኛ ሲጻፍ ግሮጊ ማለት በደንብ የሰከረ፣ እግሩ የማይታዘዝለት ነው፤ ያኔ «ሰክሮ ይንገዳገዳል» በል። ከዚያ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። ዛሬ ጠጥቶ ያደረ ሰው በማግሥቱ ግሮጊ ነኝ ሊል ይችላል፤ ይህም የሀንጎቨሩ ፍዘት ነው እንጂ ስካሩ አይደለም።

ቲፕሲ ሌላ ነው። ቲፕሲ የእኛ «ሞቅ ብሎታል» ነው፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው፣ ወሬው የሚበዛበት። ከእሱ በላይ «ድራንክ» ይመጣል፣ ሰክሯል። ከዚያ «ሀመርድ» እና «ዌስትድ» አሉ፤ እነዚህ ጥንብዝ ያለ፣ ተደግፎ ቤቱ የሚገባ ሰው ናቸው። እነዚህን ሁለቱን የምታውቀው ወጣት እንግዳ ቢልህ እንጂ አንተ በእንግዳ ላይ አትጠቀምባቸው፤ ያስቀይማሉ። ግሮጊ ግን ማንንም አያስቀይምም። «ዱ ዩ ፊል ግሮጊ» ብለህ ብትጠይቅ እንግዳው እንደ አሳቢ ሰው ነው የሚያይህ።

ከየአገሩ የሚመጣ እንግዳ ስላለህ ይህንንም ጻፈው። ለጀርመን ግሮጊ ዝሎ የወደቀ ነው፤ ለእነሱ እንኳ ተራራ ወጥቶ የደከመው ይገባበታል። ለፈረንሳይ ግሮግ ጉንፋን ሲይዝ የሚጠጣ በሎሚና በማር የተደረገ ትኩስ ሩም ነው። አውስትራሊያዊ ግሮግ ካለህ ቢራውንም ወይኑንም ሁሉንም አልኮል ማለቱ ነው፤ የት እንደሚሸጥ ነው የሚጠይቅህ። ፊጂ ሄደህ ግሮግ ብትል ደግሞ ካቫ የሚባል የሥር ጭማቂ ያቀርቡልሃል፣ አልኮል የለበትም።

ጎንደር አጠገብ ያለችውን የሸክላ ሠሪዎች መንደር ወለቃን ለምታስጎበኙ ደግሞ አንድ አለ። ሸክላ የሚሠራ እንግዳ እዚያ ቆሞ «ጭቃው ውስጥ ግሮግ አለ ወይ» ብሎ ቢጠይቅ ስለ መጠጥ አይደለም። በሸክላ ሠሪዎች እንግሊዝኛ ግሮግ ማለት አንድ ጊዜ የተተኮሰ ሸክላ ተሰባብሮና ተፈጭቶ ወደ አዲሱ ጭቃ ሲገባ ነው። ገል ስለሆነ ዳግመኛ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ጭቃው ሲደርቅና እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። ለሸክላ ሠሪዋ «ገል ፈጭታችሁ ትጨምራላችሁ ወይ» ብለህ አስተላልፍ።